ሰው ሲወድቅ ማን ምን ያድርግ? ለሀዋሳ የሥራ ቦታዎች የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ

ሀዋሳ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ የሚረዳ አይጠፋም። ከሱቁም፣ ከባጃጁም፣ ከጀበና ቡናውም ሰው ይሮጣል። አንዱ እግሩን ይይዛል፣ ሌላው ብብቱን። አንዷ ፊቱ ላይ ውሃ ትረጫለች። ከኋላ ደግሞ “ክብሪት አምጡ!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ተጎጂው ተጣጥፎ ባጃጅ ውስጥ ይገባና ይሄዳል። ደግነቱ ሞልቷል። የጎደለው ሥርዓት ነው።

አምቡላንስ ወዲያው ቢጠራም እስኪደርስ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ደሙ በኃይል የሚፈስ ሰውም ጊዜ የለውም። እነዚህ ደቂቃዎች በሐኪም እጅ አይደሉም፤ አጠገቡ ባለው የሥራ ባልደረባ እጅ ናቸው። ስለዚህ ማን ምን እንደሚሠራ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለውን ፋብሪካም፣ ሆቴልም፣ ዓሣ ቤትም፣ ጋራዥም፣ ትምህርት ቤትም ሊጠቀምበት ይችላል።

1. ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት ግቢውን ዙሩ

ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከጥበቃው በር እስከ ጓሮው ዙሩ። በየቦታው ቆም ብላችሁ “እዚህ ሰው ቢጎዳ በምን ይጎዳል?” ብላችሁ ጻፉ።

ልብስ ስፌት ላይ መርፌ ጣት ይወጋል፣ መቁረጫ እጅ ይቆርጣል፣ ካውያ ያቃጥላል። ቁርስ ሳትበላ የመጣች ልጅም ማሽኗ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ሆቴል ውስጥ የፈላ ዘይት፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ እርጥብ ወለልና በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ በረኪና አለ። ጋራዥ ውስጥ የባትሪ አሲድና ከክሪክ ላይ የሚንሸራተት መኪና። ሐይቁ ዳር ለምትሠሩ ደግሞ አንደኛው ሐሳባችሁ መስጠም መሆን አለበት።

ስትዞሩ ጽዳቶቹንና ጥበቃዎቹን ጠይቁ። የትኛው ደረጃ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ሶኬት እንደሚነዝር ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

2. ሰው መድቡ፣ በስም

“ሁላችንም እንረዳለን” ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አልተመደበም ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሽፍት ቢያንስ አራት ሥራ ለይታችሁ በስም ስጡ።

አንዱ ተጎጂውን ይረዳል። ሌላው ስልክ ይደውላል። ሦስተኛው ሳጥኑን ሮጦ ያመጣል። አራተኛው ሰው ይበትናል፤ ከዚያ መንገድ ላይ ወጥቶ አምቡላንሱን ይቀበላል። አራተኛው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ግን የከበበ ሕዝብ አየር ይከለክላል፣ በየአፉ ያዛል፣ ፎቶም ያነሳል። ድምፁ የሚሰማና ሰው የሚያከብረው ሰው ምረጡ። ብዙ ቦታ ለዚህ የሚሆነው የጥበቃ ኃላፊው ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ ምትክ ይኑር። የሠለጠነችው ልጅ የወሊድ ፈቃድ ላይ ሆና፣ ምትኳ ደግሞ የማታ ሽፍት ገብታ፣ ቀን ላይ ማንም የማያውቅበት የሥራ ቦታ ብዙ ነው።

3. ሥልጠናው በእጅ ይሁን

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። ከእነሱም ጋር ሆነ ከሌላ ብቁ አሠልጣኝ ጋር ስትነጋገሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የልምምድ አሻንጉሊት አለ? እያንዳንዱ ሠልጣኝ በራሱ እጅ ደረት ይጫናል ወይስ ቁጭ ብሎ ስላይድ ያያል? በየትኛው ቋንቋ ይሰጣል? ሀዋሳ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ነው። አማርኛው ገባኝ ብሎ አንገቱን የሚነቀንቅ ሁሉ ገብቶታል ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም በሲዳምኛና በአማርኛ፣ ከሥዕል ጋር ይሁን።

ወጪ ነው የሚል አለቃ ካለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አሳዩት። አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

የተማሩት ነገር ካልተደጋገመ ከእጅ ይጠፋል። በየሁለት ዓመቱ እንደገና ሠልጥኑ፤ በመሀል ግን በየሦስት ወሩ እርስ በርስ ተለማመዱ። ለእኔ ከአንድ ሙሉ ሳጥን ይልቅ ሁለት የተለማመዱ ሰዎች ይበልጡብኛል።

4. ሳጥኑ

ዋናው ነገር አለመቆለፉ ነው። ቁልፉ የስቶር ኃላፊው ኪስ ውስጥ ያለ ሳጥን ሰው አያድንም። ይጠፋል ብላችሁ ከሰጋችሁ በቀጭን ገመድ አስራችሁ አሽጉት፤ የተከፈተ እንደሆነ ይታወቃል።

ውስጡ የሚጣል ጓንት፣ በርከት ያለ ጎዝ፣ ሰፋፊና ጠባብ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጥሩ መቀስ፣ ቁስል ማጠቢያ ሳላይን፣ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ (የታጠበ ነጠላም ይሆናል)፣ ባትሪ መብራት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይኑር። ክኒን አታጭቁበት። ለማን ምን እንደሚስማማ ሳታውቁ መድኃኒት ማደል የመጀመሪያ እርዳታ አይደለም። አጠገቡ ክዳን ያለው ንጹሕ የውሃ ጄሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ። ውሃ የሚጠፋበትን ቀን ማን ያውቃል?

5. ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ከነዚህ ሥር የከተማውን የእሳት አደጋ፣ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልና የአንድ አስተማማኝ ባለመኪና ቀጥታ ስልክ ጻፉ። ከመለጠፋችሁ በፊት በእያንዳንዱ ደውላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው አድራሻ ነው። እኛ ጋ ቦታ የሚታወቀው በምልክት ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ የራሱን ሰፈር ስም ይረሳል። ስለዚህ የሚነበበውን ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አስቀምጡ፦ “ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ከአሞራ ገደል በር ወደ ከተማ ሲመጣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊው በር። የተጎዳው አንድ ሰው ነው። ራሱን ስቷል፣ ይተነፍሳል። መንገድ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ይጠብቃችኋል።” ደዋዩ ቀድሞ ስልኩን አይዝጋ።

6. ሰውየው ጋ ስትደርሱ

አንድ ትንፋሽ ወስዳችሁ ቦታውን እዩ። ሽቦ አለ? ጋዝ ይሸታል? መኪና ይመጣል? ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው መብራቱን ከቆጣሪው ሳታጠፉ አትንኩት። የጋዝ ሽታ ካለ መብራት አታብሩም፣ አታጥፉም፤ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ። ረጂው ሁለተኛ ተጎጂ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ሆነ።

ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ካልመለሰ ሰው ጥሩ። ግንባሩን በአንድ እጅ ወደ ኋላ፣ አገጩን በሁለት ጣት ወደ ላይ አድርጋችሁ ጆሯችሁን አፉ ጋ አስጠጉ። ዓይናችሁ ደረቱ ላይ ይሁን። እስከ 10 ሰከንድ አዳምጡ።

ይተነፍሳል፣ ግን አይነቃም? ጉዳቱ አከርካሪ ላይ ነው ብላችሁ ካልጠረጠራችሁ በጎኑ አስተኙት። የላይኛው ጉልበቱ ይታጠፍ፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ውሃም፣ ስኳርም፣ ጠበልም።

አይተነፍስም? ወይስ አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ብቻ ያወጣል? ያ ማንኮራፋት ብዙዎችን ያታልላል። ትንፋሽ አይደለም። ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ይተኛ፤ አልጋና ፍራሽ ጉልበታችሁን ይበሉታል። አጠገቡ ተንበርከኩ። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ተረከዝ በደረቱ መሀል፣ በደረት አጥንቱ የታችኛው ግማሽ ላይ አድርጉ። ሌላውን እጅ በላዩ ደርቡና ጣቶቻችሁን ቆላልፉ። ክርናችሁ አይታጠፍ። ትከሻችሁ ከእጃችሁ በላይ ይሁን፤ የሚጫነው ክንዳችሁ ሳይሆን የሰውነታችሁ ክብደት ነው። ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ያ ከምትገምቱት በላይ ጥልቅ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ልቀቁት። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ በሰከንድ ሁለት ለማለት ትንሽ የቀረው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩ።

ከ30 ጊዜ በኋላ አፍንጫውን ይዛችሁ ሁለት ትንፋሽ በአፉ ስጡት፤ ደረቱ ከፍ ሲል እዩ። ትንፋሽ መስጠት ካልቻላችሁ ወይም ከከበዳችሁ ያለማቋረጥ ደረቱን ብቻ ተጫኑ። በየሁለት ደቂቃው ሰው ተቀያየሩ። ድካም ሳይታወቅ ይገባል፤ ግፊቱም ይቀላል። የጎድን አጥንት “ቀጭ” ቢል አትቁሙ። አጥንት ይጠገናል።

ለሕፃን ጉልበቱ ይቀንሳል። ለልጅ በአንድ እጅ፣ ዓመት ላልሞላው ደረቱን በሁለት እጅ አቅፋችሁ በሁለቱ አውራ ጣቶች፣ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጫኑ።

ሐይቁ ላይ

ለመስጠም ሥርዓቱ ይለያል። የሀዋሳ ልጅ ሁሉ ዋናተኛ አይደለም። ዋናተኛ የሆነውንም ቢሆን የሚሰጥም ሰው አንገቱን ይዞ አብሮ ሊያሰጥመው ይችላል። ስለዚህ ዘላችሁ አትግቡ። ከዳር ሆናችሁ ረጅም እንጨት አቀብሉ፣ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እጀታው ላይ ገመድ ታስሮ ሰው ይይዛል። ጀልባ ያላችሁም፣ ሐይቁ ዳር ካፌ ያላችሁም እንዲህ ያለ አንድ ጄሪካን ሁልጊዜ ዳር ላይ አንጠልጥሉ። በጣም ርካሽ ነው።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ዘቅዝቆ መስቀልና ሆዱን መጫን የለመድነው ነገር ነው። ተዉት። ከሆድ የሚወጣው ውሃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ጊዜም ይበላል። የማይተነፍስ ከሆነ ቀድማችሁ አምስት ትንፋሽ ስጡት፤ የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ነውና። ከዚያ 30 ግፊት፣ 2 ትንፋሽ እያላችሁ ቀጥሉ። ካስታወከ በጎኑ አዙራችሁ አፉን አጽዱና ተመለሱ። ነቅቶ “ደህና ነኝ” ቢልም ሆስፒታል ይሂድ። ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊያስቸግረው ይችላል።

ደም ሲፈስ

ቁስል ላይ ቡና መነስነስ ይቅር። ደሙን አያቆመውም፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ሐኪሙንም ያደክማል።

ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ጎዝ ወይም የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ በትክክል ደሙ በሚወጣበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሰዓት ተመልክታችሁ 10 ደቂቃ ያዙ። ቆመ ወይ እያሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ያነሳዋል። ጨርቁ ከራሰ አታንሱት፤ በላዩ ሌላ ደርቡ። ጠርሙስ ወይም ብረት ተሰክቶ ከሆነ አትንቀሉት፣ ከጎንና ከጎኑ ተጫኑ። የተሰበረ የስፌት መርፌም ያው ነው፦ ማሽኑን አጥፉ፣ በፒንሳ አትታገሉ፣ ጣቱን ሳታንቀሳቅሱ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ክንድ ወይም እግር ላይ ያለ ደም በግፊት አልቆም ብሎ እየዘለለ ከወጣ ብቻ ማሰሪያ ተጠቀሙ። ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ መገጣጠሚያ ላይ አይሁን። እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አጠማዙት። ያሰራችሁበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ግንባሩ ላይ ጻፉ። ሐኪም ካልሆነ ማንም አይፍታው። ሽቦና ሲባጎ ሥጋ ይቆርጣልና አይሆንም።

ጣት ተቆርጦ ከወደቀ ፈልጋችሁ አንሱት። በሳላይን በራሰ ጎዝ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፤ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጡ። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። ከተጎጂው ጋር አብሮ ይሂድ።

ቃጠሎ

ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። ይኸው ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ ሙቀቱን እዚያው ያፍኑታል። በረዶም አይደረግ። እጁ ሳያብጥ ቀለበትና የእጅ አምባር አውልቁ። የተጣበቀ ልብስ ግን አትላጡ። ውኃ የቋጠረውን አታፈንዱ። ከዚያ በንጹሕ ፌስታል ወይም በማይጣበቅ ጎዝ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ከተጎጂው መዳፍ የሚበልጥ፣ ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ያለ፣ የኤሌክትሪክም ከሆነ ሆስፒታል ነው። አሲድ ወይም በረኪና ዓይን ውስጥ ከገባም ያው 20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ማጠብ። በረኪና የጠጣን ሰው አታስታውኩ።

የሚጥል በሽታ

ክብሪት አጭሶ ማሽተት አይጠቅምም፤ ሊያቃጥልም፣ ሊያፍንም ይችላል። ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተት ጥርስ ይሰብራል። አረፋው በሽታ አያስተላልፍም፣ አትሽሹት።

የሚመታበትን ነገር ከአካባቢው አንሱ፣ ራሱ ሥር ቦርሳ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር አላሉ፣ ሰዓት ያዙ። አትጫኑት። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች አምቡላንስ ጥሩ። ነጠላ አልብሱት፣ የከበበውን ሰው በትኑ። ሲነቃ ያፍራልና አንድ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

ዓሣ ቤት ላሉ

ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚበላ ሰው አጥንት ጉሮሮው ላይ ቢሰካ ሁሉም የሚመክረው እንጀራ ጠቅልሎ እንዲውጥ ነው። አጥንቱን ይበልጥ ሊሰካው ይችላል። እየተናገረና እየተነፈሰ ከሆነ እንዲያስል ተዉት፤ ካልወጣ ሐኪም ያውጣው።

መናገርም ማሳልም ያቃተው ሰው ግን ሌላ ነው። ወደ ፊት አጎንብሱት፣ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ በኃይል ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቆማችሁ ጡጫችሁን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋችሁ በሌላው እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ለነፍሰ ጡር ሆዷን ሳይሆን ደረቷን።

መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ሲገለበጥ

እሳት ወይም መኪና ካላስገደዳችሁ በቀር ተጎጂውን አትጎትቱ። ራሱና አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጅ ይያዝ። አምቡላንስ ከሌለ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መክተት ሳይሆን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስተኝቶ በፒክአፕ መውሰድ ይሻላል። አራት ሰው፣ አንድ አዛዥ፣ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ተብሎ በአንድ ጊዜ ይነሣል።

“ከነካሁት ፖሊስ እኔን ይይዘኛል” የሚል ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቀራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ግን የሚቀጣው በተቃራኒው ነው፤ ራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት እየቻለ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ የተወውን።

7. ልምምድና ከአደጋ በኋላ

በየሦስት ወሩ ልምምድ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ተነግሮ፣ ቀጣዮቹ ሳይነገር። አንዱን በምሳ ሰዓት፣ አንዱን በማታ ሽፍት። አንድ ሰው መሬት ላይ ይተኛ፣ ሌላው ሰዓት ይያዝ፦ ሳጥኑ በስንት ደቂቃ ደረሰ? ደዋዩ አድራሻውን በትክክል አነበበ? በሩ ተከፍቶ ነበር? ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሳጥኑ የተሰቀለበት ቦታ ልክ አይደለም፤ አዛውሩት።

እውነተኛ አደጋ ከደረሰ በዚያው ቀን ሦስት ነገር ይሠራ። ያለቀው ጓንትና ጎዝ ይተካ። ምን ሰዓት፣ የት፣ በምን፣ ምን እንደተደረገ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ አሠሪ የሥራ ላይ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት፣ ለተጎጂው ካሳም ማስረጃ ይሆናል። ደሙን በእጇ ይዛ የቆየችውን ልጅ ደግሞ ወዲያው ወደ ማሽኗ አትመልሷት። እጇን ትታጠብ፣ ሻይ ትጠጣ፣ የሚያጫውታት ሰው አጠገቧ ይቀመጥ። ባዶ እጇን ደም ነክቷት ከሆነ፣ በተለይ እጇ ላይ ቁስል ካለ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳ ትመርመር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ነገ አይባልም።